በሰው ስም የሰጠሁት ትእዛዝ

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አቡ ዳቢ፣ ሙሳፋህ የሠራተኞች ሰፈር፣ ስምንት ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ አንድ ወሎዬ ሾፌር ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ እየሰደበ አስተማረኝ። ይህን የማነሳው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ስለ ኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ሁሉ የተማረ ይመስላችኋል፤ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። እንግሊዝኛውን ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ከካርቶን ላይና ከመኪና ታርጋ ላይ፣ እንደ ዶሮ ለቅሜ ለቅሜ ነው የያዝኩት። እስከዚያ ድረስ ደብዳቤዬን የሚያነበውም የሚጽፈውም ሌላ ሰው ነበር። አል ባጢን አንድ ቪላ ውስጥ አትክልተኛ ሳለሁ የእናቴን ሞት የሚናገር ወረቀት ኪሴ ውስጥ ዘጠኝ ቀን ዞሯል፤ የሚያነብልኝ የአገር ሰው እስካገኝ ድረስ። ማዳም በየቀኑ «ለምን አትስቅም?» ትለኝ የጀመረችው ካስነበብኩ በኋላ ነው። በዘጠኙ ቀን ውስጥ ግን እስቅ ነበር።

የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ አል ዓይን ነበርኩ፤ የአንድ ድርጅት ቀዝቃዛ መጋዘን ዘበኛ። ሥጋና ዶሮ፣ ዓሣም ይከማችበታል። ከጀርባው ቁም ሳጥን የምታክል ክፍል አለች። እዚያ ውስጥ ቀን ከሌት የሚያጉረመርም ጥቁር ብረት ተቀምጧል፤ ሰርቨር ይሉታል። ሥራው በየአምስት ደቂቃው የእያንዳንዱን ክፍል ቅዝቃዜ መመዝገብ ነው። ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ያንን መዝገብ ነው። ሥጋው ቢሸት ባይሸት ለእነሱ ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

ያን ብረት የሚያስተዳድረው አቡ ዳቢ ዋናው ቢሮ ያለ ያገሬ ልጅ ነበር። ኢንጂነር ነው። ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ኸሊፋ ሲቲ ይኖራል። በወር አንድ ቀን ይመጣል፤ «ሰላም ጋሼ» ብሎኝ ያልፋል፤ እኔም በአፍንጫዬ እመልስለታለሁ። እውነቱን ልናገር፣ አልወደውም ነበር። የተማሩት ያገራችን ሰዎች ዘበኛን የሚያዩት እንደ በር ነው፤ ሲከፈት ያመሰግኑታል፣ ሲዘጋ ይቆጡታል። እሱም ከእነዚያ አንዱ ነው ብዬ ፈርጄበት ነበር።

ከአቡ ዳቢ ወደ አል ዓይን የሚያመጣው መንገድ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው መጣ። አፉን ሸፍኗል፣ እጁ ላይ ጓንት አለ። ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጣው።

«ጋሼ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያሉ?»

«ለምን? ልትቀጥረኝ ነው?»

«አዎ፣ ልቀጥርዎት ነው።»

«እንግዲያው አንቱ አትበለኝ። ደሞዝ የማይጨምር አክብሮት አልወድም።»

ሳቀ። ሳቁ በጨርቁ ውስጥ ታፍኖ ወጣ። ችግሩን አስረዳኝ፤ ከአቡ ዳቢ ሆኖ ብረቱን የሚያገኝበት መስመር ከተበላሸ ወራት ሆኖታል፣ ጠጋኝ እንዳይገባ ደግሞ ተከልክሏል። መዝገቡም በየወሩ ወደ አቡ ዳቢ ይገለበጥ የነበረው መስመሩ ከተቋረጠ ወዲህ ቆሟል። ፕሮግራሙ አንዳንዴ ይወድቃል፤ ሲወድቅ የሚያነሳው ሰው ያስፈልጋል። መጋዘኑ ውስጥ ከሥራ አስኪያጁና ከጫኚዎች በቀር የቀረሁት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ያንን ክፍል እንደ ሬሳ ቤት ይሸሸዋል።

ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ስሜን በማሽኑ ላይ አስመዘገበው። ከዚያ «የይለፍ ቃልህን አንተው ጻፍ» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስከዚያ ቀን ሰው የእኔን ምስጢር ላለማየት ፊቱን አዙሮልኝ አያውቅም። ምስጢሬን ሁሉ ሌላ ሰው እያነበበ ነው የኖርኩት። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ በሦስተኛው ያዘ።

«አሁን ስማኝ» አለ። «ቅዝቃዜውን የሚመዘግበው ፕሮግራም የራሱ ተጠቃሚ አለው። ስሙን በረዶ ብዬዋለሁ። ፕሮግራሙን ማስነሳት የሚችለው በረዶ ብቻ ነው። አንተ ደግሞ አንተ ነህ። ስለዚህ መጀመሪያ ሱዶ ብለህ ትጽፋለህ፤ በሌላ ስም ልዘዝ ማለት ነው። ‹በረዶን ሆኜ› ትለዋለህ። ከዚያ ሥራውን ታዘዋለህ።»

«ታዲያ የበረዶን የይለፍ ቃል ስጠኛ።»

«አያስፈልግህም። የሚጠይቅህ የራስህን ነው።»

«የሰው ቤት በራሴ ቁልፍ?»

«ውክልና አለህ እኮ! እኔ ሰጥቼሃለሁ፣ ለዚህች አንዲት ሥራ ብቻ። ተወካይ ሲፈርም በማን ስም ነው የሚፈርመው? በራሱ። ‹ስለ እገሌ› ይልና የራሱን ስም ያስቀምጣል። ይኼም እንደዚያው ነው። መዝገቡ ይህ ሰው፣ በዚህ ሰዓት፣ በረዶን ሆኖ፣ ይህን አደረገ ብሎ ሁለታችሁንም ይጽፋል።»

ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላም መንገድ አለ። የሰውየውን የይለፍ ቃል ይዘህ፣ ከመጀመሪያው እሱን ሆነህ መግባት። ያኔ መዝገቡ አንተን አያውቅህም። ብትሰርቅ የሰረቀው እሱ ነው፤ ብትሰብር የሰበረው እሱ ነው። ይኼ በእኛ ሥራ ነውር ነው። ማንም ቢሰጥህ እንዳትቀበል።»

«አንተስ ብትሰጠኝ?»

«እኔም ብሰጥህ።»

ፕሮግራሙን ሆን ብሎ ጣለውና እኔ አነሳሁት። ከዚያ መዝገቡን ከፍቶ አሳየኝ። ስሜ እዚያ ነበር፣ ከነሰዓቱ። በጣቴ ነካሁት። መስታወቱ ላይ የጣቴ ላብ ቀረ፤ እሱ በጓንቱ ጠረገው፣ በዚያ ጊዜ ሁሉም ሰው የሰውን ላብ ይፈራ ስለነበር። አልተቀየምኩም።

መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያገናኘን ስልክ ነው። ፕሮግራሙ ሲወድቅ ሥራ አስኪያጁ ይጮሃል፣ እኔ ለኢንጂነሩ እደውላለሁ፣ እሱ እየነገረኝ እጽፋለሁ። በአንድ ጣት። «ኤስ» ሲለኝ «እባቧ?» እለዋለሁ። «እባቧ» ይላል። ቆይቶ ሳይነግረኝም ማንሳት ቻልኩ። ልጁ ከጎኑ ሆና «ሃይ አንክል» ትለኛለች፤ እሱ «በአማርኛ!» ብሎ ይቆጣታል፤ እሷ ትስቃለች። አንዳንድ ቀን ያለ ምክንያትም ይደውል ጀመር። «የኔ አለቃ፣ ብረቱ እንዴት አደረ?» ይለኛል። እኔን፣ ዘበኛውን፣ አለቃ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከእኔ ጋር ሲያወራ የእንግሊዝኛ ቃል እንዳይቀላቅል በጣም ይጠነቀቅ ነበር። ፎልደሩን ክፍል ይለዋል። ወሮቹን እንኳ፣ ሌላው አበሻ ሁሉ ማርች፣ ኤፕሪል በሚልበት አገር፣ ለእኔ ሲሆን መጋቢት፣ ሚያዝያ ይላል። እንዳላፍር ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

መንገዱ ተከፈተ። «በሚቀጥለው ሳምንት መጥቼ እገላግልሃለሁ» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እሱ ታመመ። መጀመሪያ ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘጋ፤ ከዚያ ሆስፒታል አስገቡት።

በእነሱ አቆጣጠር ስምንተኛው ወር ላይ ነው። ከምሳ በፊት ፕሮግራሙ ወደቀ። አነሳሁት፤ ወደቀ። ደግሜ አነሳሁት፤ ደግሞ ወደቀ። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ «ምዝገባው ቆሟል! ሰውየህን ጥራው!» ይላል። «ሆስፒታል ነው» አልኩት። «ስልክ ሆስፒታል ውስጥ አይሠራም?» አለኝና ሄደ።

ደወልኩ። ያን ቀን ባልደውል ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። አነሳው። ከቃሉ በፊት የኦክስጅኑ ፉጨት ነው የተሰማኝ።

«ዲስኩ ሞልቷል» አለ፣ የማሽኑን መልስ ካነበብኩለት በኋላ። ተነፈሰ። «አሮጌ መዝገብ... መጥፋት አለበት። ያንተ ውክልና... ለዚህ አይበቃም። በእኔ ግባ።»

«አንተ አይደለህ ነውር ነው ያልከኝ?»

«ጋሼ። ትንፋሽ የለኝም። ጻፍ።»

የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል ሰጠኝ። የልጁ ስምና የተወለደችበት ዓመት ነበር። ለማሰብ አቅም ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ አይሰጥም። ገባሁ። ማሽኑ በእሱ ስም ሰላም አለኝ።

«የዘንድሮውን ክፈት... በቁጥር የተቀመጡ ክፍሎች አሉ... እያንዳንዱ አንድ ወር ነው። እስከ መጋቢት ያለው... ቅጂው አቡ ዳቢ አለ። እሱን አጥፋ። ከዚያ ወዲህ ያለውን... እንዳትነካ።»

«መጋቢትም ጭምር?»

«ጭምር። ሱዶ ብለህ...» ማጥፊያውን ትእዛዝ ነገረኝ። ከዚያ ሳል ያዘው። አንዲት ሴት፣ ነርስ መሰለችኝ፣ በእንግሊዝኛ ተቆጣች፣ ስልኩም ተዘጋ።

ክፍሎቹ ፊቴ ተደርድረዋል፤ ከአንድ እስከ ስምንት። እኔም ቆጠርኩ። ሰው እንዴት እንደሚቆጥር ታውቃላችሁ፤ በጣቱ ነው፣ ከመስከረም ጀምሮ። መስከረም አንድ። ጥቅምት ሁለት። ኅዳር ሦስት። ታኅሣሥ አራት። ጥር አምስት። የካቲት ስድስት። መጋቢት ሰባት።

ሰባት ክፍል አጠፋሁ። አንድ በአንድ። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ በጣቴ እየነካሁ፣ እንዳልሳሳት። ጥንቃቄዬን ሳስበው ያመኛል። በግዴለሽነት ቢሆን ኖሮ ራሴን መስደብ ይቀለኝ ነበር። ስምንት ቁጥር ቀረ። ስምንት በእኔ ቆጠራ ሚያዝያ ነው፤ ውጭ ያለው ፀሐይ ግን የነሐሴ ነው። ታዲያ በመካከል ያሉት ወራት የት ገቡ ብዬ አልጠየቅኩም። በየቀኑ የበር መዝገብ ላይ የእነሱን ቀን የምጽፍ ሰው ነኝ። ግን እሱ መጋቢት ሲለኝ ጆሮዬ የሰማው ያገሬን ወር ነው። የእሱ መጋቢት ሦስተኛው ክፍል ነበር። ከአራት እስከ ሰባት ያሉት የትም ቅጂ የላቸውም።

ፕሮግራሙን አነሳሁት፤ አልወደቀም። ቁጥሮቹ መፍሰስ ጀመሩ። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ብቅ ብሎ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ለኢንጂነሩ «ጨርሻለሁ፤ እስከ መጋቢት» ብዬ ጻፍኩለት። እሱም የአውራ ጣት ሥዕል ላከልኝ። ያን ቀን ሻይ በሁለት ስኳር ጠጣሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ የዋልኩበት ቀን በዚያ አገር ብዙ የለኝም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተቆጣጣሪዎች መጡ። ያለፉትን ወራት መዝገብ ጠየቁ። የለም። ድርጅቱ ከውጭ ባለሙያ አስመጣ፤ ባለሙያው የማሽኑን መዝገብ አትሞ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። በአጠገቡ ሳልፍ አነበብኩት። ማንበብ መቻሌን የጠላሁት ያኔ ነው። ሰባት መስመር፣ ሰባት ጊዜ «አጥፋ»፤ በሁሉም ላይ የኢንጂነሩ ስም። ሽንት ቤት ገብቼ በእነሱ ወር ቆጠርኩ። ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ፣ ማርች። ሦስት ጣት። እጄን እንደዚያ ዘርግቼ ቆምኩ።

ስወጣ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። «በዚያ ቀን ወደ ክፍሉ የገባ ሰው አለ?»

«ማንም አልገባም» አልኩ።

የበር መዝገቡ የእኔ ነው። ከፍቶ አየው፤ የማንም ስም የለም። እኔ ዘበኛው ወደምጠብቀው ክፍል ስገባ ስሜን አልጻፍኩማ። «እንግዲያው እሱ ነው» አለ። «ደሞዙን ስለቀነሱበት ተበቀለ። ከአቡ ዳቢ ሆኖ ሠራልን።» ከአቡ ዳቢ የሚመጣው መስመር እንደተቆረጠ እሱም ያውቃል። አላስታወሰም፤ ወይም ማስታወስ አልፈለገም። እኔም አላስታወስኩትም።

ለምን ዋሸሁ? ምክንያቱን እንደ ጀግና አልነግራችሁም። በዚያ ሰሞን ከመጋዘኑ ሠላሳ ሰው ተባሯል። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊያልቅ ወራት ቀርቶታል። ፈራሁ። ሌላ ምንም የለም።

ዋናው ቢሮ ለኢንጂነሩ ደብዳቤ ላከለት፣ በስልኩ፣ አልጋው ላይ እያለ። ሆን ብሎ ንብረት እንዳጠፋ፣ ከሥራም እንደታገደ ይናገራል። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ስሙ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ስልኩን ይዤ ጥሪው እስኪያልቅ ተመለከትኩት። ከቀትር በኋላ እንደገና ጮኸ። ነገ አነሳዋለሁ አልኩ። ነገ የምለውን አዘጋጅቼ አነሳዋለሁ።

በነገታው የመተንፈሻ ቱቦ አስገቡለት። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ቀብሩን ያየ ሰው ጥቂት ነው፤ በዚያ ጊዜ ሬሳ እንኳ በሩቁ ነበር የሚሸኘው። ለቅሶ መድረስ አይቻልም። ያገር ሰው በስልክ ቡድን አቋቁሞ ድምፅ እየቀዳ ይላላክ ነበር፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚለውን ሁሉ ባለቤቱ በጆሮዋ ታዳምጣለች። ግን ወሬው ከማጽናኛው ቀድሞ ደርሷል። አቡ ዳቢ ያለ አበሻ ትንሽ ነው፤ አንዱ ቢሮ የተባለው በሌላው ቢሮ ይሰማል። «ምስኪን፣ ግን ለምን እንዲህ አደረገ?» ይላሉ። «ያው፣ በንዴት ነው።» ከስሙ በኋላ «ግን» የሚል ነገር ተለጠፈበት።

ባለቤቱ ደወለችልኝ። አይቻት አላውቅም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልኩን ከሆስፒታል በፌስታል ሰጡኝ። ደብዳቤውን ከፍቶታል፤ አይቶታል ማለት ነው። ከዚያ ሁለት ጊዜ የደወለው ለእርስዎ ነው። ለእኔ እንኳ አልደወለም። ምን አለዎት?»

«አላነሳሁም» አልኩ።

«ለምን?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«በዚያ ቀን ሠርቷል የሚሉት ነገር» አለች ቀስ ብላ፣ «በዚያ ቀን ማንኪያ መያዝ አይችልም ነበር። ማን እንደጻፈው አያውቁም?»

«አላውቅም እህቴ» አልኳት። እህቴ አልኳት ደግሞ!

አንድ ሳምንት ቆየሁ። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁና ቆሜ ተናገርኩ። እኔ ነኝ አልኩት፤ በሱ ስም ገብቼ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ወር ተሳስቼ ነው።

መጀመሪያ ያልገባው መሰለኝ። ከዚያ ሳቀ፤ በክፋት አይደለም። «አንተ? አንተ የደሞዝ ወረቀትህን ዘቅዝቀህ የምትይዝ ሰውዬ?»

«ያኔ ነበር። አሁን አነባለሁ። ክፍሉን ክፈትልኝና ፊትህ ልጻፈው። ወረቀቱንም እይ፤ ከየትኛው ቁልፍ ሰሌዳ እንደተጻፈ ይናገራል። እዚሁ ክፍል ውስጥ ካለው ነው ይላል፣ ከአቡ ዳቢ አይደለም።»

ወረቀቱን አላየም። በሩን ዘጋ። «ስማ። ዘበኛ ሰርቨር ነክቷል ብዬ ልጻፍ? ማን አስገባው ቢሉኝ? ሰውየው ሞቷል። አይጎዳውም። አንተ አለህ፣ እኔ አለሁ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ሙሉ ዕድሜዬን «እኔ ፊደል አላውቅም» እያልኩ ከስንት ነገር አምልጬበታለሁ። ፈርም ሲሉኝ፣ መስክር ሲሉኝ፣ ወረቀት ሲጠፋ። ያቺን ቀን ግን ማምለጥ አልፈለግኩም፤ ያ ቃል እንደ ውሻ ተከትሎኝ መጣ።

በዕረፍት ቀኔ አፍንጫዬን ተመርምሬ ኸሊፋ ሲቲ ወረድኩ። ከአውቶቡስ ወርጄ በዚያ ሙቀት በቪላዎቹ መካከል በእግሬ ሄድኩ። አንድ ትልቅ ቪላ ተከፋፍሎ ከሚከራይበት ቤት፣ ከላይኛው ፎቅ፣ በሩን ልጅቷ ከፈተች። በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ። «እናትሽን ጥሪልኝ» አልኩ። ድምፄን ስታውቀው ዓይኗ ተለወጠ። «አንክል?» አለች።

እናቷ ጥቁር ለብሳ መጣች። ደረጃው ላይ ሁለት ሜትር ርቀን ቆምን። ሁሉንም ነገርኳት፤ የይለፍ ቃሉን፣ ቆጠራውን፣ «ማንም አልገባም» ያልኩትን፣ ሁለቱን ጥሪዎች። አልጮኸችም። እኔ ግን እንድትጮህ ፈልጌ ነበር።

«መጋቢት» አለች። «ለምን ማርች አላለም?»

«ለእኔ ብሎ ነው።»

«ለአንተ ብሎ።» አንቱታው ያኔ ጠፋ። «ባሌ ሲሞት ንብረት አጥፊ ተብሎ ነው የሞተው። ደብዳቤውን አንብቦ ነው የሞተው። ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ለአለቃህ ነግረህ እጅህን ታጥበህ መጣህ። ለሰውስ? ሰው ይስማሃ!»

ስልኳን ከፍታ የለቅሶውን ቡድን አወጣችና ከፊቴ ዘረጋችው። ከዚያ ውስጥ የሚያውቁኝ ሾፌሮች አሉ፣ ዘበኞች አሉ፤ የሆቴልና የአውሮፕላን ሰዎች አሉ፣ እኔን የማያውቁ። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የምሠራበትን ቦታ ተናገርኩ። ከዚያ ያደረግኩትን። ድምፄ መሃል ላይ ሲሰበር ስልኩን አልመለሰችም፤ እስክጨርስ ይዛው ቆመች። ልጅቷ በሩ ላይ ነበረች። ምን ያህሉን እንደሰማች አላውቅም፤ አማርኛው ፈጥኖባት ይሆናል።

ሰው መለሰ። አንዱ «ጀግና ነህ፣ እውነት አርነት ያወጣል» አለ። ያንን ስሰማ አመመኝ። አንዷ «በሕይወት ሳለ ብትናገር ምን ነበረበት?» አለች። «ግን» የምትለዋ ቃል ከስሙ ኋላ እየወደቀች ሄደች፣ ቢያንስ በእኛ ሰዎች አፍ።

ድምፁ በሦስት ቀን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደረሰ፤ አንድ የአገር ልጅ ነው የተረጎመለት። በዚያው ዕለት ተባረርኩ፤ የድርጅቱን ማሽን ያለ ፈቃድ ነክተሃል ተብዬ። የኢንጂነሩን ደብዳቤ ግን አላረሙትም። ለማባረር አመኑኝ፤ ለማረም አላመኑኝም። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቅኩ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ። የመለሰልኝ የለም።

ባለቤቱ ልጆቿን ይዛ ወደ አገር ልትመለስ ነው የሚል ወሬ በዚያው ቡድን ሰማሁ። ያኔ ሙሳፋህ ተመልሼ ሥራ እፈልግ ነበር። ዕቃ የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል ተባለ፤ ሄድኩ። ስታየኝ አላባረረችኝም። ስድስት ሻንጣ ነበር። አንድ በአንድ አወረድኩ። አንዱ ቀላል ነበር፤ የእሱ ልብስ መሆኑን ሳልጠይቅ አወቅኩ።

ታክሲው ተሞልቶ ልጆቹ ከገቡ በኋላ ወደ እኔ ዞረች። ጨርቋን ከአፏ ዝቅ አደረገች።

«ብታነሳው ኖሮ» አለች፣ «ምን የሚልህ ይመስልሃል?»

«እንጃ። የሚሰድበኝ ይመስለኛል።»

«ዐሥራ አራት ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ። ምን እንደሚልህ እኔ አውቃለሁ።»

ጠበቅኩ።

«አልነግርህም» አለችና ገባች። ታክሲው ወደ ኤርፖርቱ መንገድ ሲታጠፍ እኔ እዚያው ፀሐይ ላይ ቆሜ ነበር።